ፊቱን የማያውቀው ጓደኛ

ጥቅምት 3

ሥራ እንደ ወትሮው። የሆቴሉ አንሶላ ተቆልሎ ጠበቀኝ። ቦይለሩ ሲያጉረመርም ዋለ፤ ክፍሉ በእንፋሎት ተሞላ። ባልደረባዬ ከማዶ ቆማ አንሶላውን ጫፍና ጫፍ ስንይዝ እጇ ብቻ ነው የሚታየኝ። ሌላው አካሏ ጉም ነው። እንዲህ ሲሆን ደስ ይለኛል። ሰው ሙሉውን ሲታይ ያደክማል።

ወደ ማታ ልጄ ደወለች።

"እማዬ፣ ራዲዮ ሰማሽ?"

"ምኑን?"

"አባቴ የነበረበት የመገናኛ ክፍል ወታደሮች ሊሰባሰቡ ነው። ከጦርነቱ የተረፉት፣ ሰው የጠፋባቸው ቤተሰቦችም። እሁድ ጠዋት፣ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ። ፎቶ ያለው ይዞ ይምጣ ተብሏል።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ በያቸው።"

"እማዬ!"

"ያ ሰውዬ የቁራ መልእክተኛ ነው። ሄደ፣ ቀረ። በቃ።"

እሷ እኮ አባቷን አታውቀውም። ሲዘምት ሆዴ ውስጥ ነበረች… ለሷ ስል ልሂድ? አልሄድም።

ይህን ሁሉ ለምን እጽፋለሁ? ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ ነው፤ ያባከንኩትን ጊዜ ላካክስ መሰለኝ። አፌ ሲከፈት ሰው ይሸሻል። ደብተር ግን የት ይሄዳል?

ጥቅምት 5

ሕልም። ያ ሰውዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያወልቃል። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። በመስታወት ውስጥ እንዳለ ዓሣ… ምን እያለኝ ነው? ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚመጣው።

ጥቅምት 7

የሰውዬው ታላቅ እህት መጣች። ወሬው ደርሷታል።

"ምን ልታደርጊ ነው የምትሄጂው? እዚያ የሚሰበሰበው ሬሳ ፈላጊ ነው። ወንድሜ አልሞተም።"

"ታዲያ የት ነው እታለም?"

"ስንቴ ልንገርሽ? ከወንዙ ማዶ ታይቷል። ከሴትዮ ጋር። የሕፃን ጋሪ ሲገፋ።"

"ያየው ማን ነው?"

"ያየ ሰው!"

ሠላሳ ዓመት ይህንኑ ትነግረኛለች። ቢሮ ለቢሮ ስንከራተት በስሙ ጠይቄ "ከሞቱትም ከተማረኩትም ውስጥ የለም" ሲሉኝ፣ የሷ ወሬ እውነት ሆኖ ሆዴ ውስጥ ተቀመጠ። ያቺን የማዶ ሴትዮ እኔው ሠርቼ ጨርሻታለሁ። ጥርሷ ነጭ። ተረከዟ ለስላሳ። አንሶላ የሚተኩስላት ሰው ያላት…

በንዴት ቆረጥኩ። እሄዳለሁ። አንድ ጓደኛው ፊቴ ቆሞ "አዎ፣ ጥሎሽ ሄደ" ይበለኝ። ከዚያ በእርጋታ ልጥላው። ሚስትም ሳልሆን፣ የሟች ሚስትም ሳልሆን… እንዲህ ተንጠልጥሎ መጥላት ይሰለቻል።

ጥቅምት 10

ልጻፈው። ሳይበተንብኝ።

አዳራሹ ውስጥ የተማሪ ወንበር ነው የተደረደረው። ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን አገጫቸው ጋ አድርሰው ተቀምጠዋል። እኛ ሴቶቹ ፎቶ ይዘን በመሃላቸው እንዞራለን። እነሱ ግን ቀና ብለው እንኳ አያዩም! ሁለት ሁለት እየሆኑ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያወራሉ።

"አሞራ ነኝ።"

"አሞራ? አሞራማ አይደለህም። አሞራ ይንተባተብ ነበር።"

"ጥ… ጥርሴን አስተክዬ ነው!"

"አንተ ሌባ! ባትሪዬን መልስ!"

ተንጫጩ፣ ተሳሳቁ። ዞረው ሲተያዩ ግን አፈሩ። ለካ ፊት ለፊት እንግዳ ናቸው።

ፎቶዬን ለአንዱ አሳየሁት። ኮፍያውን አወለቀ።

"እትዬ፣ ፎቶ አይረዳንም። እኛ በጆሮ ነው የምንተዋወቀው። አንዱ በዚህ ኮረብታ፣ አንዱ በዚያ። ስም አይጠራም፣ ጠላት ይሰማላ። ለየጣቢያው የወፍ ስም ነበረን። የእሳቸው ማን ነበር?"

"አላውቅም።"

በስሙ ስጠይቅ ኖርኩ እኔ። ስሙን የሚያውቅ ጓደኛ እንደሌለው ማን ይነግረኛል?

"ድምፃቸውስ? ይጎተታል? ይፈጥናል?"

ቅንድቡን አውቃለሁ። ጆሮው ሥር ያለውን ጠባሳ አውቃለሁ። ድምፁ የለም። የት ጣልኩት? መቼ? ልጄ ፊቴን አይታ ወንበር ሳበችልኝ።

ከዚያ አስተባባሪው ማይክራፎኑን ሊሞክር "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ማለት ጀመረ። አንድ በር የሚያክል ሰውዬ ከኋላ ሳቀ። የጥሪ ስሙ ድንቢጥ ነው፤ ያወጡለት አላዩትም ማለት ነው።

"ቁጥርማ ማንም ይቆጥራል!" አለ በወንበሮቹ መሃል እየተጋፋ መጥቶ። "እኛ ጋ ጉጉት የሚባል ነበር። ራዲዮ ሞክር ሲባል ቤቱን ነው የሚቆጥረው። ስንት ዓመት የሚያውቀው ሰው አገኝ እንደሆን ብዬ እናገራለሁ፤ ዛሬም ልናገር።" ማይክራፎኑን ያዘ። ድምፁ ተለወጠ። ቀጠነ፣ ዘገየ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ አለ። "ድንቢጥ፣ ድንቢጥ፣ ጉጉት ነኝ፣ እሞክራለሁ። በራችን ወለሉን ይፍቃል፣ ካላነሱት አይከፈትም። የአልጋው አንድ እግር ጡብ ነው። የመስኮቱ አንድ መስታወት ካርቶን ነው። ሚስቴ ስትስቅ አፍንጫዋን ትይዛለች። እንዴት ትሰማኛለህ?"

ሰው ሳቀ። እኔ ጆሮዬ ውስጥ ውኃ የገባ መሰለኝ። ቃሉን አይደለም መጀመሪያ የሰማሁት። ድምፁን ነው። አዳራሹ ራቀ፣ ወንበሮቹ ራቁ… ሰፊው ሰውዬ ሠላሳ ዓመት ያጣሁትን ድምፅ አፉ ውስጥ ይዞት ቆሟል።

"እማዬ" አለች ልጄ በሹክሹክታ፣ "በራችን… አልጋችን።"

አፍንጫ የሚለውን አላወቀችውም። ስስቅ መቼ አይታኝ?

ተነሳሁ። ብዙ ነገር ልል ነበር።

"ጡቡ አሁንም አለ" አልኩ።

ጥቅምት 11

ሥራ አልሄድኩም። አሞኛል አልኳቸው። አላመመኝም። የሆንኩትን ለመጻፍ ቃል አጣሁ። ፊደል ብቻ ነው ለካ የተማርኩት።

ጥቅምት 14

ድንቢጥ ቤቴ መጣ። ሲያንኳኳ "ግቡ" አልኩ። እንግዳ ሁሉ በሬን ይገፋል፣ ይታገላል፣ በሆዱ ይሳደባል። እሱ እጀታውን ይዞ ወደ ላይ አነሳና ገፋ። እንደ ቤቱ ሰው። ደፉ ላይ ቆሞ ቤቱን በዓይኑ ዞረው፤ ቀስ ብሎ፣ በሕልሙ ያየው ሰፈር እንደ ገባ።

"መስኮቱን አሠርተውታል" አለ፣ ቅር እንዳለው ሁሉ።

ፎቶውን ሰጠሁት። ወደ ብርሃኑ ወሰደው፣ አራቀው፣ አቀረበው።

"ይሄ ነው?"

"ይሄ ነው።"

"አይ ጉጉት! እኔ እኮ ግዙፍ ሰው፣ ጢማም ሰው ነበር የሣልኩት። ይሄ አንገቱ የመጥረጊያ እንጨት ነው! ያ ሁሉ ወሬ በየት በኩል ይወጣ ነበር?" ሳቀና ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ።

ሻይ አቀረብኩለት። አልጠጣውም። እኔም መጠበቅ አልቻልኩም።

"ጥሎኝ ነው የሄደው? ሴት ነበረችው? ማዶ ተሻግሯል?"

ፎቶውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

"የት ሊሻገር እትዬ? የእሱ ኮረብታ የመሃሉ ነው። እኛ ዳርና ዳር ያለነው አንሰማማም። የኔን ቃል እሱ ተቀብሎ ለአሞራ ይሰጣል፣ የአሞራን ለኔ። ውጡ ሲባል መንገዱ በየት በኩል እንደ ተከፈተ ሁሉም ከእሱ ነው የሰማው። እሱ ቀድሞ ከወጣ ሌላው ደንቆሮ ሆነ ማለት ነው። 'አንተስ?' አልኩት። 'እናንተ እለፉ፣ እኔ ዘግቼ እመጣለሁ' አለኝ።"

"እሺ?"

"ድልድዩን አልፈን ጠራሁት፣ መለሰ። ደግሜ ስጠራው ድምፁ ደከም አለብኝ። ባትሪው ይሁን እሱ፣ አላውቅም። ስማኝ፣ ልሞክር አለና ቤቱን መቁጠር ጀመረ። ከዚያ ኮረብታው ሲመታ በዓይናችን አየን። ጭሱ እስኪጠፋ ጠራሁት። ከዚያ ኮረብታ የወረደ ሰው የለም።"

"ለምን ሳይነገረኝ ቀረ?"

"ለማን ይነገር? ስሙን አላውቅ፣ ከተማውን አላውቅ። የማውቀው በሩን ነው። በየሄድኩበት ከተማ በር ሲፍቅ ከሰማሁ አንኳኳ ነበር። ስንቱ አባረረኝ!"

ሻዩ ቀዝቅዟል። ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ሁሉም ነገር ከውኃ በታች ያለ ይመስላል።

"የት ላይ ተቋረጠ?" አልኩት።

"ምኑ?"

"ሲቆጥር።"

መሬት መሬት አየ። "ካርቶኑ ላይ።"

ካርቶኑ ላይ… ቀጥሎ እኔ ነበርኩ።

"ይጨርሱት" አልኩት። "በእሱ ድምፅ።"

ዓይኑን ጨፈነ። ጨረሰው።

ጥቅምት 15

ያቺ የማዶ ሴትዮ የለችም። አንሶላ ስተኩስ በእንፋሎቱ ውስጥ ፈለግኳት። ነጭ ጥርሷ፣ ለስላሳ ተረከዟ… ጠፋች። ስንት ዓመት አብራኝ የኖረች ሰው ናት፤ ትንሽ ከፋኝ።

ጥቅምት 21

እህቱ መጣች። ለሷ የሚሆን ስድብ ሳምንቱን ሙሉ ሳዘጋጅ ነው የከረምኩት። ልጄ አልነገረቻትም፣ ለኔ ትታልኛለች።

ነጠላ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባችና ቁጭ አለች። አጠር ብላለች፣ ወይስ ወንበሩ ነው?

"ሰሞኑን ደግሞ ታየ አሉ" አለች ገና ሳልጠይቃት። "ፀጉሩ ሸብቷል። ወገቡን ትንሽ ያመዋል እንጂ ደህና ነው። ልጁ ተድሮ የልጅ ልጅ አይቷል።"

ስድቡ አፌ ላይ ቆመ። ይቺ ሴት ወንድሟን እያስረጀችው ነው ለካ። በየዓመቱ አንድ ሽበት እየጨመረችለት…

"እታለም። ያየው ማን ነው?"

"ያየ ሰው…"

"እታለም።"

እጆቿን አየች።

"አንቺ ባል ብትፈልጊ ታገኛለሽ" አለች። "እኔ ወንድም ከየት አመጣለሁ? ከዳተኛም ይሁን፣ ባለጌም ይሁን፣ ብቻ ይኑርልኝ ብዬ ነው። አንቺን እንደሚያቃጥልሽ አውቃለሁ። አውቅ ነበር። ሌላ የማኖርበት ቦታ አጣሁ።"

እኔ በሠራኋት ሴትዮ ስቃጠል፣ እሷ በሠራችው ወንድም ስትሞቅ ኖርን። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። ኮረብታውን ነገርኳት። ድልድዩን፣ ጭሱን፣ ሁሉንም። አላቋረጠችኝም።

"ብቻውን ነበር?" አለች በመጨረሻ።

"አልነበረም። ድንቢጥ ይሰማው ነበር። ሲናገር ነው የተለየው።"

"ምን ይናገር ነበር?"

"ስለ ቤቱ።"

ያኔ አለቀሰች። እንደ ሕፃን፣ አፏን ከፍታ። እኔም አብሬያት። አንዳችን ስናቆም ሌላችን እንጀምራለን። ሻርፔን ሰጠኋት፣ የሷን ወሰድኩ፤ የማን የማን እንደሆነ ጠፋን።

ዛሬ እዚህ ታድራለች። አልጋው ላይ በግድግዳው በኩል ጋደም ብላለች፤ ትተኛ አትተኛ አላውቅም። ነገ ጠዋት አብረን ወጥተን ለሰው እንነግራለን። ወንድሟ፣ ባሌ፣ እንደ ሞተ።