ዱባለ አይደለም

ኮልፌ፣ መጋቢት ፲፰ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ለአብሮ አደጌ፤

እንደምን ሰነበትክ? ያ የወገብህ ሕመምስ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ ልልህ ነበር፤ ግን ደብዳቤህ ከደረሰኝ ወዲህ እህል በአፌ አልዞረም። ለፋሲካ መጥቼ ዘበኛውን ዱባለን ሳልደፋ አልመለስም ትላለህ። ተው! በእናትህ ተው! ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ከጅማ እንዳትነሳ።

የፋብሪካ ሰፈር ልጆች እንዴት እንዳደግን አትረሳውም። የሽመና ማሽኑ ጩኸት አባቶቻችንን ስላደነቆራቸው ከእነሱ ጋር የምናወራው ድምፅ ሳናወጣ፣ በከንፈር ብቻ ነበር። እናትህ እናንተ ዲዳዎች እያሉ ይስቁብን ነበር። እኔ ደግሞ ከሁላችሁም እበልጥ ነበር፤ ከአጥር ማዶ የሚያወራ ሰው አያመልጠኝም። ጉራዬንም ታውቀዋለህ።

ያን ቅዳሜ አባትህ ጋሽ ገረሱ ከጓደኞቻቸው ጋር በሩ ላይ ለፍተሻ ተሰልፈው ነበር። ሰኞ ፊሽካው ሲነፋ ማሽን እናቆማለን ብለው በከንፈር ሲባባሉ ከቧንቧው አጠገብ ሆኜ አየሁ። ዱባለ ኪሳቸውን እየፈተሸ ነበር፤ ሰፈሩም አሳበቀ ብሎ እሱን ያማው ለዚህ ነው። ሰውዬው ግን አንድ ቀን እንኳ ማሽን አጠገብ ሠርቶ አያውቅም። የከንፈር ወሬ ከየት አባቱ ያውቃል?

እኔ ነኝ። አፈር ልብላ፣ እኔ ነኝ! ቤት ስገባ ምን ሲሉ ነበር ተብዬ ተጠየቅሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ጎበዝ እንድባል ብዬ አንድ ሳላስቀር ዘረገፍኩት። ሰኞ ፊሽካው ሳይነፋ አባትህን ፖሊስ ወሰዳቸው። ከእስር በሽታ ይዘው ወጡ፣ ዓመትም ሳይሞላቸው አረፉ።

ከፋብሪካው ቤት ስትባረሩ በመስኮት አይህ ነበር። ዝናቡ ውስጥ ቆመህ፣ ማን ነው ያሳበቀው ብለህ በከንፈርህ ጠየቅከኝ። ዱባለ አልኩህ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያቺን አንዲት ቃል አምነህ ኖርክ።

ማን ጠየቀሽ እንዳትለኝ፤ እሱን አልጽፍም። በዚያው ወር አባቴ ካቦ ተብለው መሾማቸውን ታስታውስ ይሆናል። አሁን አልጋ ይዘዋል፣ ጆሯቸውም ጨርሶ አይሰማም። ይህን ስጽፍ ቀና ብለው ለማን ነው የምትጽፊው አሉኝ። አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

ለፋሲካ ና። ግን ዱባለ ደጅ እንዳትሄድ፤ እኔ ጋ ና፣ የፈለግከውን አድርገኝ። እግዚአብሔር እጅህን ከደም ይጠብቅልህ፣ የአባትህንም ነፍስ ይማር።

አብሮ አደግህ