የታዴ ሙሉ ፊት

ደምስዬ፣ የልቤ ሰው፣

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ አስቸግሮኛል። የሆቴሉን ጽዳት ትቼ አሁን አረጋውያን ቤት ነው የምሠራው፤ ቢያንስ የሚያጫውተኝ ሰው አላጣም። ሰፈራችን ላንድማርክ ያው ናት፤ የሕንፃችን ሊፍትም እንደ ድሮው ሲፈልግ ይሠራል። ልጃችን ሳራ ኮሌጅ ገብታለች፤ አንተ ሸራህን ትወጥርበት የነበረው ጥግ የእሷ ጠረጴዛ ሆኗል። ምንጣፉ ላይ ያንጠባጠብከው ቀለም አለ፤ አላስለቀቅኩትም።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ጥፋቴን ልነግርህ ነው።

ያንን ትልቁን የጦርነት ሥዕልህን ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው ለአክስትህ ልጅ ለመስፍን ምግብ ቤት ሰጠሁት። አልጋ ሥር ተጠቅልሎ ከሚያረጅ ሰው ይየው ብዬ ነው። መጀመሪያ ደስ ይል ነበር፤ አንዳንዱማ ጉርሻውን እንደያዘ ቆሞ ያየው ነበር። በኋላ አገር ቤት የዘር ነገሩ ሲከር እዚህ አሜሪካም ከረረ። ደንበኞቹ «የኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?» ይሉ ጀመር። አንተ ደግሞ ሁሉንም ጭቃ አልብሰሃቸው ማን ከማን ይለያል? በልጅነትህ ሥዕል ያስተማሩህ መሪጌታ ጻድቁን በሙሉ ፊት፣ ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዓይን ሣል ብለውህ፣ ለጦሩ ስትሥልም ጠላትን እንደዚያው ስታደርግ ኖረህ፣ በይቺ ሥዕል ግን እምቢ አልክ። «እዚያ ጦር ሜዳ ሄጄ አይቻለሁ አልጋነሽ፤ በጎን የተፈጠረ ሰው አላገኘሁም» ነበር ያልከኝ።

እነሱ በግራ በኩል ያሉት ጠላት ናቸው አሉ። ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ከዚያ በኩል ያለው ጠረጴዛ ላይ ሰው መቀመጥ ተወ። የወጥ ቤቷን ሴትዮ አገርሽ የት ነው ብለው መጠየቅ አመጡ። ፈራሁ፤ ግን «ተዉ» አላልኳቸውም።

አንድ ቀን ሥራ ላይ እያለሁ መስፍን ኮል አደረገኝ። «አልጊዬ፣ ደንበኛ እየሸሸኝ ነው። ከግራ በኩል ሁለት ሦስቱን ፊት በጎን ላዙራቸው፣ ሠዓሊ አግኝቻለሁ» አለኝ። አስከሬንህን አገርህ ያስገባልን እሱ አይደል? አፌ እምቢ ማለት አቃተው። እንደፈለግህ አልኩት። የትኞቹን እንኳ ብዬ አልጠየቅኩም።

ሄጄ ሳይ የዞረው ታዴ ነው። ከዚያ ጦርነት ያልተመለሰው ታናሽ ወንድምህ። ፊቱን ወደ ጎን አዙረው፣ አንድ ዓይኑን አጥፍተውበት፣ እሱ በቀረችው ዓይኑ ያፈጥጣል። የእሱ መልክ መሆኑን ከእኔና ከአንተ በቀር ማን ያውቃል? በልጅነቱ ከአገር የወጣው መስፍን መልኩን አያስታውስም፤ ስነግረው ራሱን ያዘ፤ «ሠዓሊው እኮ ጠላት የሚመስለውን መርጬ ነው አለኝ» አለ።

ሥዕሉን አውርደን ከሳራ ጋር በመኪና ቤት አመጣነው። ምን ዋጋ አለው? ፎቶው በየስልኩ ዞሯል። ባለፈው ቅዳሜ ከሳራ ጋር እንጀራ ልገዛ ስሄድ ግሮሰሪው በር ላይ ታዴ ብቻውን፣ በትልቁ ታትሞ ተለጥፏል። ከሥሩ «ጠላትህን እወቅ» ይላል። ሳራ በእንግሊዝኛ «ይሄ ማነው?» አለችኝ። «አጎትሽ» አልኳት፤ ወረቀቱንም መገንጠል ጀመርኩ። አንድ ሰውዬ ከኋላዬ መጣና፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰላምታ፣ «እሜቴ፣ ለመሆኑ አንቺ የማን ወገን ነሽ?» አለኝ። ሌሎቹ ዞረው አዩኝ። ሁሉም የማውቃቸው ሰዎች ናቸው። ሳራ እጄን ይዛ ወደ መኪናው ወሰደችኝ።

ቤት ገብተን ሸራውን አጠገባችን ዘርግተን ስለ ታዴ ያለኝን ሁሉ ነገርኳት፤ ፉጨቱን፣ ጥርሱን፣ እናታችሁን እንዴት ያስቃቸው እንደነበር። እስክትጨርሺ ድረስ አልነሳም ብላ ሰማችኝ።

እንግዲህ ደምስዬ፣ ከተማው ሁሉ በጎን ያውቀዋል። በሙሉ ፊቱ የምናውቀው እኔና ሳራ ብቻ ቀርተናል። ዳግመኛ ዝም አልልም። ያ ሰውዬ መልሶ ቢጠይቀኝ የለጠፉት ማን እንደሆነ በስሙ እነግረዋለሁ፤ ብፈራም እየፈራሁ።

ያንተው አልጋነሽ