ውኃ የጠጣች ታንኳ

ወንድሜ በላይነህ፣

ይህን የሚጽፍልህ በዚህ ሐይቅ ዙሪያ ተወዳዳሪ የሌለው የፊልም ባለሙያ ነው፤ እኔ አጥናፉ። የፊልሞችህን ግማሽ የሠራሁት እኔ ነኝ። እሺ፣ ግማሽ በዛ። ካሜራህ የተቀመጠባትን ታንኳ የቀዘፍሁት ግን እኔ ነኝ።

ከተለየኸን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ሙት ዓመትህን በወጉ አውጥተናል። ካህናቱ ከደሴቱ ተሻግረው መጡ፤ ከአዲስ አበባ ጓደኞችህ ግን አንድም ብቅ ያለ የለም። እናታችን ደኅና ናት። ዓይኗ ደክሟል እንጂ ያሸነፍኸውን የመስታወት ዋንጫ አሁንም በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለዋለች። ታንኳ እናስርበት የነበረውን ዳርቻ እምቦጭ በልቶታል፤ ከእምቦጭ የተረፈውን ሎጅ አጥሮታል። እኔም ተለውጫለሁ። የማታ ትምህርት ገብቼ ማንበብ ተማርሁ። አንደኛ ወጣሁ ብልህ ትስቃለህ፤ አምስት ነበርን።

ባልማር ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ ያነበብሁት እናታችን ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠችውን፣ ስላንተ የተጻፈ ጋዜጣ ነው። ሠርግ ከመቅረጽ ተነስተህ ባሕር ማዶ እስከ መሸለም መድረስህን ዘርዝሮታል። ፊልምህ ሙዚቃ እንደሌለው፣ ሰውን ከጀርባው እንደምታሳይ፣ አንዱን ምስል ሳትቆርጥ ተመልካቹ ወንበሩ ላይ እስኪቁነጠነጥ እንደምታቆየው ሁሉ ጽፏል። ይህ እውነት ነው። ከዚያ ግን በሁለተኛው ፊልምህ ካሜራው ቀስ በቀስ ወደ ውኃው ዝቅ ማለቱ የሰው ልጅ ወደ መቃብሩ መቃረቡን ያሳያል ይላል። ጥልቅ ጥበብ ነው ይላል።

በላይነህ፣ ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ እኮ ነው!

ከደንገል ቄጠማ የታሰረች ታንኳ ጧት ቀላል ናት። እየዋለች ስትሄድ ውኃ ጠጥታ ትከብዳለች፤ ዳር ወጥታ ቆማ ካልደረቀች ትሰጥማለች። ይህን ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ያን ቀን ታንኳዋ ጠግባለች፣ እንውጣ አልሁህ። አንተ ዓይንህን ከካሜራው ሳታነሳ ዝም በል፣ ቀስ በል፣ አትተንፍስ አልኸኝ። ስተነፍስ ምስሉ ይወዛወዝብህ ነበርና ትንፋሼን ከመቅዘፊያው ጋር እያስማማሁ፣ ጭኔ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቀዘፍሁ። ሦስት ፊልም እንዲህ ሠራን። ወገቤ እስካሁን ብርድ በነካው ቁጥር ይጮኻል። ካሜራው ለምን እንደዚያ እንደሚንሳፈፍ ሲጠይቁህ ምን አልህ? ጋዜጣው ላይ አለ፤ ሐይቁ ራሱ መራኝ ብለሃል። ሐይቁ! እኔ የት ሄጄ?

እሱንም ይሁን አልሁ፤ ስሜ ከፊልሙ መጨረሻ ላይ አለ ብዬ። ሁለተኛው ፊልምህ እዚህ ባሕር ዳር ሲታይ፣ የሠራተኞቹ ስም ከታች ወደ ላይ ሲወጣ፣ ጣትህን አንስተህ ይኸው አጥናፉ፣ ያንተ ስም ብለህ አሳይተኸኛል። በዚያች ጣት ስንት ዓመት ኮራሁ። መሸንቲ ገበያ ድረስ አውርቻታለሁ።

የትምህርቱ መዝጊያ ቀን መምህርታችንን ፊልሙን በላፕቶፕሽ አምጪልን፣ ስሜን ለክፍሉ ላንብብላቸው አልኋት። አመጣች። ቆምሁና ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁ። ድምፅ የቀዳው አለ። መብራት የያዘው አለ። ቁርስ ትበሉበት የነበረው ሆቴል አለ፣ ከነምስጋናው። ከዚያ ጥቁር ሆነ። መልሺው አልኋት። ያው ነው። ከኋላ አንዱ፣ «ጋሽ አጥናፉ፣ ስምዎ ከታንኳዋ ጋር ሰጠመ እንዴ?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። ሰው ማሳቅ የእኔ ሥራ ነበር፤ ያን ቀን ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። በማግስቱ ሌሎቹን ሁለቱን አስመጣኋት። የለሁም።

ለሆቴሉ እንቁላል ቦታ ተገኝቶ ለእኔ አንድ መስመር ጠፋ? ተቀይሜሃለሁ። ሞተሃል ብዬ አልሸሽግህም።

መርሳት ግን አልቻልሁም። ጧት ጭጋጉ ሲነሳ፣ አንተ እንደምትወደው፣ አንዲት ወፍ ላይ ዓይኔን ተክዬ እቆያለሁ፤ ወፏ እስክትነሳ ድረስ። ታንኳዬን ዳር ላይ ሳቆማት ውኃው ጠብ ጠብ ሲል አያለሁ፤ ሳልቆርጥ፣ እስኪያልቅ። መቅዘፊያ መያዝ እስኪያቅተኝ እንዲሁ እያየሁ አስብሃለሁ።

አንድ ነገር ግን ልናዘዝ። ያች ጣት ውሸት ናት። ፊልሙ ሲታይ አንተ ከፊት፣ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጠህ ነበር፤ እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። ስምህ አለበት አላልኸኝም። እኔም አልጠየቅሁህም። መስመሮቹ መውጣት ሲጀምሩ አጠገቤ ለቆመው ሰው ጣቴን አንስቼ ይኸው የእኔ ስም ያልሁት እኔ ነኝ።