ስድስት ካሬ ሜትር ነፋስ

ጥር ፲፱ ቀን

ከኪዳን በኋላ እስከ ረፋድ አስተማርሁ። አዲስ ደቀ መዝሙር መጣ፤ ዘመድኩን ይባላል፣ የመንግሥት ቤት ጸሐፊ፣ ጎልማሳ። ንባቡን ገና ያንከባልላል... ቅኔ ልቁጠር አለ! «መሰላል ከላይኛው እርከን አይጀመርም» ብዬ ወደ ፊደል መለስሁት። ተከፋ። ይከፋ። ጀማሪ ልኩን ያላወቀ እንደሆነ መምህር ምን ያድርግ?

ከሰዓት ነፋስ። የግቢው በር በራሱ ተዘጋ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ጥር ፳፩ ቀን

መሲ መጣች። የልጄ ልጅ፣ በእጄ ያደገች። ከሚኒባሱ ጣሪያ የወረደውን ጓዟን ባየሁ ጊዜ ቃሬዛ መስሎኝ አማተብሁ። ሰሌዳ ነው አለች።

ዊንድሰርፊንግ ይባላል አሉ። ሰው በሰሌዳ ላይ ቆሞ፣ በሰሌዳው ላይ የተተከለ ሸራ በእጁ ይዞ፣ በነፋስ ኃይል በውኃ ላይ ይሄዳል። ለምን?... ጀልባ ጠፍቶ ነው? ከደሴ ማዶ ሐይቅ ዳር ያለ አንድ ማረፊያ ቤት እንግዶቹን የሚያለማምድለት ሰው ይፈልጋል። የካቲት ፳ ፈተና አለ። ፈተናው ከቀናት ሥራው የሷ ነው።

እዚሁ ከሚሴ መምህርት ትሁን ብዬ ስንቱን ደጅ የጠናሁላት ልጅ! «የልጅ ልጅዎ ምን ያዘች?» ቢሉኝ ምን ልመልስ? ነፋስ?

ጥር ፳፮ ቀን፣ ጾመ ነነዌ

ስለ ዮናስ ባስተማርሁበት ዕለት ስለ ሸራ ተጠየቅሁ።

ማረፊያ ቤቱ ያዋሳት ሸራ ሁለት ነው። አንዱ ሦስት ተኩል ካሬ ሜትር፣ ሁለተኛው ስድስት። ለጀማሪ፣ ይልቁንም እንደ እሷ ለቀጠነ ሰው፣ ትንሹ ይሻላል ይላሉ። ትልቁ ነፋስ ሲደክም ለለመደ እጅ ነው።

«ግን የፈተናው ለት ነፋሱ ከደከመ ትንሹ አይነዳኝም። አባባ፣ የትኛውን ልያዝ?»

«ትልቁን» አልሁ።

ሳላስብ? አይደለም። ትልቁ ያንገላታል፤ ከተንገላታች ትተወዋለች፤ ከተወችው መምህርት ትሆናለች። ልቤ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰላው። አፌ ግን «ትልቅ ሐሳብ ትልቅ ሸራ ይሻል» አለ። ምሳሌ መሰለ። እግዚኦ...

የካቲት ፫ ቀን

ወደ ጨፋ ሜዳ ወረድን፤ ማሽላው ወደ ታጨደበት ወደ ጎረቤቴ ወደ ሙሀመድኑር ማሳ። ጀማሪ ሸራውን አስቀድሞ በደረቅ መሬት ይለማመዳል ተባለ።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደሩ የኔታ! ምን ድንኳን ነው የሚተክሉብኝ? ሠርግ አለ?»

«የመርከብ ዓይነት ነው።»

ከብቶቹን አየ፤ ማሳውን አየ። «ማሻ አላህ። ውኃውሳ መቼ ይደርሳል?»

መሲ ትልቁን አነሣች፤ ጣላት። አነሣች፤ ጣላት። አላማረረችም። እንዳሰብሁት ሆነልኝ፤ ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር...

«ልጅቱን ለቀቅ ያድርጓት» አለ ሙሀመድኑር። «ትልቁ ይሁን ያሉት አንቱ አይደሉ? እስቲ ይያዙት።»

ያዝሁት። ስለ ነፋስ ከወጣትነቴ ጀምሮ አስተምሬአለሁ፤ በእጄ ግን ይዤው አላውቅም ነበር። ጥምጥሜ ወደ ቦርከና ወንዝ ሄደ፣ እኔ ወደ ግራሩ፣ ላሞቹ ወደየአቅጣጫው። ሸራው በእሾህ ተቀደደ፤ እኔ በጉልበቴ።

«ወላሂ የኔታ፣ ሳይሰናበቱኝ ሊያርጉ ነው ብዬ ደነገጥሁ!»

እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በመንገድ ስንመለስ ግን ሳቁ ቆመ... ስወድቅ ከሥሬ መሬት ነበር። ከሷ ሥር የሚሆነው ውኃ ነው። ዋና ትችላለች። ቢሆንስ?

የካቲት ፬ ቀን

«ትንሹን ያዢ» አልኋት።

«ይዣለሁ፤ ጠቅልዬ አስሬዋለሁ።»

«መቼ?»

«ድሮ ነው። ጠዋት ጠዋት እርስዎ ሲያስተምሩ በሱ ነው የምለማመደው። ጋሼ ሙሀመድኑር ያውቃል።»

ያውቃል! ስለዚህ ነዋ ትናንት ትልቁን ያስያዘኝ...

«ታዲያ ትናንት ትልቁን ምን አስነሣሽ?»

«እርስዎ መጥተው ነበራ፣ አባባ።»

ይህ ማክበር ነው ወይስ ተግሣጽ? እስካሁን አልለየሁትም።

«ልብሽ ከቆረጠ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«ሳልጠይቅዎ ብሄድ ይሻል ነበር?»

የካቲት ፭ ቀን

ሄደች። ምርቃቴን ገና ስጀምር የሚኒባሱ ሹፌር ጡሩንባውን ነፋ። ያልደረሳትን በሌለችበት ጨረስሁት።

የካቲት ፳ ቀን

ፈተናዋ ዛሬ ነው። በስግደት መካከል ስልኬን አየሁ። ይቅር ይበለኝ።

ከሰዓት ነፋስ ተነሣ። በሩ ተዘጋ። በዚያስ እንዲሁ ይሆን? ትንሹን መያዟን አውቃለሁ... ደግሞ አላውቅም። የሽማግሌ ቃል ከብዷት በመጨረሻው ሰዓት ትልቁን ከዚያው ተውሳ ይዛ ቢሆንስ? ምሳሌዬን አምናው ቢሆንስ?

ወደ ማታ ደወለች።

«አባባ፣ ነፋሱ በረታ። ትልቁን የያዙት ሁለቱ ወደቁ።»

«አንቺስ?»

«እኔም ወደቅሁ።»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«ግን ተነሣሁ። ትንሹ ቢወድቅም ለማንሣት አይከብድም። እነሱ ሸራውን ከውኃ ሲጎትቱ ዋሉ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ለሥራው ወሰዱኝ፣ አባባ።»

ይህን ያህል ዘመን ትሕትናን ያስተማርሁት እኔ... ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ አልነበረኝም።

መጋቢት ፬ ቀን

ፀሐዩ ከረረ። የተቀደደውን ሸራ የማረፊያ ቤቱ ሰዎች ድሮም ያረጀ ነው ብለው ትተውልናል። ሙሀመድኑር አሰፍቶ አመጣውና በማስተምርበት ስፍራ በአራት እንጨት ራሱ ወጠረው።

አንድ ምእመን የመሲን ነገር ጠየቀኝ። «በነፋስ ታድራለች» አልሁት፣ ቀና ብዬ። ሊያዝንልኝ ቃጣው፤ ይዘን።

ዘመድኩን ንባቡ እየቀናለት ነው። «የኔታ፣ ቅኔው መቼ ይሆን?» አለ። ባለፈው እንዳደረግሁት ልገሥጸው ነበር... «መጀመሪያ ትንሿን አንሣ» አልሁት። ነገሩ የገባው አልመሰለኝም። እኔም የገባኝ ግራር ውስጥ ስገባ ነው።

ስድስት ካሬ ሜትር ጥላ ለሁላችን በቃ። በመሐሉ ግን መንገዱን ለማየት የተሠራች ብርሃን የምታሳልፍ መስኮት አለችው። እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐይ በዚያች ትገባና ከሁሉ መርጣ በእኔ አናት ላይ ታርፋለች። ሙሀመድኑር ሲወጥረው ለክቶ ይሆን? አልጠየቅሁትም።

ወንበሬን ፈቀቅ ላደርግ ነበር... ተውሁት።