ስላመንንዎ ይቅርታ ያድርጉልን

ለተከበሩ አቶ አስናቀው አድማሴ፣
የሽመላ አየር መንገድ መሥራች፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ እስካሁን እንዳጣራነውም ከድርጅቱ የበረሩ ብቸኛው ሰው፤
ያሉበት ቦታ።

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ፤ ያሉበትን ስለማናውቅ ደግሞ ደብዳቤውን በግልጽ ጽፌ ለንፋሱም ለፌስቡኩም ሰጥቼዋለሁ፣ ከሁለቱ አንዱ አያጣዎትም። ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ ያ ደረቱ ላይ ወርቃማ ክንፍ የተሰፋበት ኮትዎ፣ ገና ያልተወለዱት አውሮፕላኖችዎስ እንዴት ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በመስጊዱም በቤተ ክርስቲያኑም በኩል ደህና ነን። ከሀፍረት በቀር የሚያመን ነገር የለም።

ምናልባት ረስተውኝ ከሆነ ሙሐሲን እባላለሁ። በመካነ ሰላም መናኸሪያ «ደሴ! ደሴ! የቀረ ደሴ!» እያልኩ የምጮኸው ልጅ ነኝ። ከአስረኛ ክፍል ስወጣ ትምህርት ቤቱ ስላልተቃወመ ተስማምተን ነው የተለያየነው፤ ስለዚህ ሰዋስዌ ቢንጋደድ እንደ ማረፊያ ሜዳዎ ቆጥረው ይለፉኝ። በከተማው የምታወቀው በቀልድ ነው። የከላላ በቅሎ ነጋዴዎችን «ከዛሬ ጀምሮ በቅሎም ታርጋ ያስፈልጋታል» ብዬ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ከነበቅሏቸው ያሰለፍኳቸው እኔ ነኝ። በዚህ ሙያ የሚበልጠኝ ሰው በደቡብ ወሎ የለም ብዬ አስብ ነበር። እርስዎ መጡና ልኬን አወቅኩ፤ ስለዚህም አመሰግናለሁ።

ይህንን የምጽፍልዎ ልከስስዎ ብዬ እንዳይመስልዎ። ኧረ በፍጹም! እኛ ነን በዳዮቹ። እርስዎ የዋህ ነጋዴ ሆነው በሰላም መጥተው ሳለ እኛ ዝም ብለን አመንንዎ። ሰው እንዲህ ከታመነ በኋላ ምን ምርጫ አለው? ስለዚህ ጥፋታችንን በተራ ቁጥር ዘርዝሬ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አቀባበላችን። በሩ ላይ ሽመላ የተሳለበትን ነጭ መኪና ይዘው ገብተው «ከአዲስ አበባ መካነ ሰላም በአውቶቡስ ዋጋ በአውሮፕላን!» ያሉን ዕለት በሬ አረድን፣ ሼኩ ዱዓ አደረጉ፣ ቄሱ ባረኩ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ግን አውሮፕላኑ የታለ ብሎ የጠየቀዎት አንድ ሰው አልነበረም። ጋሼ አራጋው ሊጠይቁ ነበር። ድሮ በልጅነታቸው እዚሁ ከተማችን ሜዳ ላይ ዳኮታ የሚባል አውሮፕላን ሲያርፍ አይቻለሁ የሚሉ ሽማግሌ ስለሆኑ ነገሩ ይገባቸዋል። ብድግ ብለው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ለመሆኑ አውሮፕላኑ...» ሲሉ ባለቤታቸው እትዬ አልታዬ ጎናቸውን በክርን ደሰቁና «ኧረ ይተዉ! እንግዳ ገና የጎረሰውን ሳይውጥ አውሮፕላንህን አሳየኝ ይባላል? ምን ይለናል?» አሏቸው። ጋሼም አፍረው፣ የጀመሩትን እንዳይተዉትም አፍረው፣ «...አውሮፕላኑ ስንት ክንፍ አለው?» ብለው ጨረሱት። እርስዎ ምንም ሳያቅማሙ «ሁለት» አሉ። አጨበጨብን። እንደዚያ ያለ ቁርጥ ያለ መልስ ከባለሥልጣን ሰምተን አናውቅም ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ሜዳው። ከብቶቻችን ይግጡበት የነበረውን ሜዳ ሲመርጡልን በጅጌ ወጥተን ድንጋዩን ለቀምን፣ ጉድጓዱን ሞላን፣ ዳር ዳሩን ትልልቅ ድንጋይ ደርድረን ኖራ ቀባን። ንፋስ የሚያመለክተውን ከረጢት ልብስ ሰፊው ረመዳን ከአሮጌ የድንኳን ሸራ ሰፍቶ በረጅም እንጨት ሰቀለልዎ። ከድርጅትዎ ሠራተኞች ሁሉ እስከ ዛሬ ከሥራ ገበታው ላይ ያልጠፋው እሱ ከረጢት ብቻ ነው፤ ዕድገት ቢሰጡት ይገባዋል። ከብቱ ሜዳው ታጥሮበት ወደ ገደሉ አፋፍ ተሰደደ፤ የጋሼ አራጋው ጊደርም ከድርጅትዎ ቀድማ በረረች። ጋሼ አላጉረመረሙም። «የልማት ነገር ነው፤ ለእንግዳ ሰው ጊደሬ ሞተች ብዬ ልንገረው?» አሉ። እኔ ዛሬ የምነግርዎ እሳቸው ሳያውቁ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሚዛኑ። ዋጋው የረከሰው ክብደት ስለሚቆጠብ ነው ብሎ፣ ከተማችን ውስጥ ቢሮ ከፍቶ ትኬት ይሸጥ የነበረው ወኪልዎ ትኬት የቆረጠውን ሁሉ እህል ነጋዴው ሚዛን ላይ አቆመው። ሰው በገብስና በምስር መሀል ተራ ይዞ ተመዘነ፤ አንዳንዱም እንዲቀልለው ጫማውን አወለቀ። ወይዘሮ አስቻለች በሕዝብ ፊት «ለእርስዎ ሁለት ወንበር ያስፈልጋል» ተብለው ከሚዛኑ ወረዱ። እስከ ዛሬ በዚያ ሱቅ ደጃፍ ሲያልፉ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ ያደርጋሉ። ይህን እንደ ነውር የቆጠረ ግን አልነበረም፣ ጊዜው የእርስዎ ነበር። በቴሌቪዥን ወጥተው ዋንጫ ሲሸለሙ መናኸሪያው ሻይ ቤት ተጨናንቀን አየንዎ፤ ጋዜጠኛዋ «ሰማዩን ለድሃው የከፈቱ» ስትልዎ እኛ ድሃዎቹ በኩራት እርስ በርስ ተያየን። አንድ ቀን ሰማይ ጥግ ላይ የሆነ አውሮፕላን ነጭ መስመር እየሳለ ሲያልፍ ወኪልዎ ጣቱን ቀስሮ «የኛ ነው፤ ሜዳውን እያጠና ነው» ቢለን ሁላችንም እጃችንን አውለበለብን። እኔም አውለበለብኩ። እኔ! ወላሂ ሳቄ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ብርቱካንማ አንጸባራቂ ሰደርያ አልብሰው «የበረራ ጥሪ ኃላፊ» ብለው ሾመውኝ ስለነበር ዋጥኩት። በከተማው ይሉኝታ የሌለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔንም በአንድ ሰደርያ ይሉኝታ አስያዙኝ።

አራተኛ፣ ስለ መውደቅዎ። እውነቱን ለመናገር አወዳደቅዎም ጨዋ ነበር። ድምፅ አልነበረውም። በመጀመሪያው የበረራ ቀን ከተማው ሙሉ ሜዳው ዳር ቆሞ ሲጠብቅ «ጉም ነው» አሉን፤ ጉም እኛ ዘንድ እንግዳ አይደለም፣ ተቀበልን። ቀጥሎ «ጎማው ወደብ ላይ ነው» አሉን፤ ለጎማውም ዱዓ አደረግን። ከዚያ ወኪልዎ ለምሳ ወጣ። ምን ዓይነት ምሳ እንደሆነ እንጃ፣ እስካሁን በልቶ አልጨረሰም። ቢሮው ውስጥ ዛሬ ሳምቡሳ ይጠበስበታል፤ ሽመላዋ ግድግዳው ላይ እንዳለች የዘይት ጭስ ጠግባ ቁራ መስላለች። የድርጅቱን መፍረስ የነገረን የደሴ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት እንደታሸገ፣ አውሮፕላን ሲባል የነበረውም ኪራዩ ያልተፈረመ የሌላ አገር አውሮፕላን ፎቶግራፍ እንደሆነ ሰምቶ መጣ። ሾፌሩ ይህን ሲነግረን ዓይናችንን ማየት ስላፈረ ደህናውን ጎማ በእግሩ እየመታ ነበር።

እስከዚህ ድረስ የጻፍኩትን በሳቅ ነው የጻፍኩት። አምስተኛው ላይ እጄ ይከብደኛልና ይታገሱኝ።

አምስተኛ፣ ስለ እቴቴ ዘሊካ። እቴቴ ዘሊካ ሱሀይላ የምትባል አንዲት ልጅ አለቻቸው። ሱሀይላ ዐረብ አገር ሰው ቤት ከገባች ወዲህ እናትና ልጅ በስልክ እንጂ በዓይን ተያይተው አያውቁም። ማዳሟ በስንት ልመና የጥቂት ቀን ፈቃድ ስትሰጣት ልጅቱ በእርስዎ አየር መንገድ ትኬት ቆረጠች፤ «እማ፣ በራችን ላይ ነው የሚያወርደኝ» ብላ ደወለች። እቴቴ ጭኮ ለውሰው፣ አዲስ ሻሽ አስረው ሜዳው ላይ ጠበቁ። ልጅቱ አዲስ አበባ ደርሳ ዘመድ ቤት ሆና ጠበቀች። በየጠዋቱ ቢሮዎ ስትሄድ «ነገ» ይሏታል። እሷም የኛ አገር ልጅ ናትና፣ ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችውን ልጅ ላለማስጨነቅ «እሺ፣ ነገ» ብላ ትመለሳለች። ነገ እንደሌለ ሲገባት የቀራት ቀን በአውቶቡስ መሄጃ ይበቃል እንጂ መመለሻ የለውም። ከእናቷ አንድ አገር ውስጥ ሰንብታ፣ ሳታያቸው፣ ወደ ማዳሟ ተመለሰች።

ለእናቷ ግን ይህን አልነገረቻቸውም። አፈረች። ከመመለሷ በፊት «ፈቃዱ ዘገየብኝ እማ፣ ገና ከዐረብ አገር አልወጣሁም» ብላ ደውላላቸው ነበር። እውነቱን የነገረችው ለጓደኛዋ ለአሚራ ብቻ ነው። አሚራም ለአንድ ሰው ብቻ ነገረች፤ ያ ሰው እኔ ስለሆንኩ ከተማው ሁሉ ሰማ።

ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን እቴቴ ዘሊካ ጭኳቸውን በጨርቅ ቋጥረው፣ ኖራ የቀባነው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰማይ ያያሉ። ለእሳቸው የሚነግር ሰው ጠፋ። ሼኩ ሊነግሯቸው ሄደው ስለ ዝናቡ አውርተው ተመለሱ። አሚራ ሄዳ ገና ከመቀመጧ አለቀሰች፤ «ምነው?» ሲሏት «ጉንፋን ነው» አለች። ጋሼ አራጋው ጭራሽ መንገድ ቀየሩ። እኔ፣ በሁሉ ሰው የሚያሾፍ ምላስ ያለኝ ሰውዬ፣ «ዛሬስ አይመጣም እንዴ?» ብለው ቢጠይቁኝ «ፓይለቱ ምሳ ላይ ነው እቴቴ» አልኳቸው። ሳቁልኝ። ቤቴ እስክደርስ ሳቃቸው ከኋላዬ የሚከተለኝ መሰለኝ። በብዙ ሰው አሹፌ አውቃለሁ፤ እንዲያ አንገቴን የደፋሁበት ቀን ግን የለም።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ይቅርታውን ካደረጉልን በኋላ አንድ ትሁት ልመና አለን። በገበያ ቀን ይምጡ። በአውቶቡስ ይምጡ፤ እሱ ቢዘገይም መሬት ላይ ስለሚሄድ ይታያል። በሬ እናርዳለን፤ አሁንም ምንም አንጠይቅዎትም። ሜዳው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ አጠገባቸው ቁጭ ብለው «እቴቴ፣ አውሮፕላን የለም፤ ኖሮም አያውቅም፤ ልጅዎ መጥታ ነበር» ይበሏቸው። ለእርስዎ ቀላል ነው፤ ከዚህ የረዘመ ንግግር ያለ ወረቀት ሲያደርጉ አይተንዎታል። እኛ አፍረን አልቻልንም።

ሰማዩን ከፍተውልን መዝጊያውን ይዘው ለሄዱት ክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ጽኑ ጤና፣ የሚያርፉበት ሜዳ ሁሉ ለጥ ያለ፣ የሚያገኙት ሰው ሁሉ እንደኛ አፋር እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣

በማይነሳ በረራና በማይወድቅ አክብሮት፣
ሙሐሲን አህመዲን
የሽመላ አየር መንገድ የመካነ ሰላም የበረራ ጥሪ ኃላፊ
(ከሹመቴ ያነሳኝ ስለሌለ እስካሁን ኃላፊ ነኝ። ሰደርያው በክረምት የእናቴን ፍየል ከብርድ እየጠበቀ ነው።)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስማቸው ስላለበት ደብዳቤውን ከመልቀቄ በፊት ሜዳው ድረስ ሄጄ ለእቴቴ ዘሊካ አነበብኩላቸው። በአፌ መንገር ያቃተኝን በወረቀት ላመልጥ ብዬ ነው። አምስተኛው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። እሳቸው ግን ጭኮ ቆርሰው አጎረሱኝና «አውቃለሁ እኮ ልጄ» አሉኝ። ሱሀይላ ገና ከዐረብ አገር አልወጣሁም ስትላቸው ከኋላዋ የታክሲ ረዳት «መርካቶ! መርካቶ!» እያለ ሲጮህ ሰምተው ነበር። «ያንተው የሙያ ባልደረባ ነው ያሳበቀባት» ብለው በኔው ቀለዱብኝ። ታዲያ ለምን እዚህ ይቀመጣሉ ስላቸው፣ «እሷ እንዳላዝን ብላ ደበቀችኝ። እናንተ ደግሞ ባያችሁኝ ቁጥር መሬት መሬት ታያላችሁ፤ አውቄዋለሁ ብዬ ሁላችሁንም ላሳፍራችሁ?» አሉ። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አጣጥፈው ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ። «ተው አትላከው የኔ ልጅ፤ ሰውየው ያፍራል» አሉኝ።

«አብሽሩ እቴቴ» አልኳቸው፤ «በእሱ በኩል ምንም ስጋት አይግባዎት።»