የአባባ ሰዓትና የትምህርት ቤቱ አሻራ ማሽን

ይድረስ ጋምቤላ ላለኸው ለወንድሜ ለደመላሽ፤ ሰላምታዬን ከማቅረቤ በፊት ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን በደል ልናዘዝልህ። እኔ ታናሽ እህትህ ዜማ እንዳላማው፣ አንድ የመንግሥት ንብረት ካለበት ሳይነቃነቅ ብራዚል ልኬዋለሁ።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ሙቀቱስ፣ ትንኙስ እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ወለላና ያቺ ቀበጥ ልጃችሁስ ደህና ናቸው? እኛ ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጥርሳችንን ከማጋጨቱ በቀር ደህና ነን። በስልክ ያልነገርኩህ ስልኩ የአባባ ስለሆነ ነው፤ ስናወራ የእሳቸው ጆሮ ከእኔ ይቀድማል።

ዘንድሮ ሠራተኛው ሁሉ ጠዋት ሲገባ ጣቱን የሚያስነካው የአሻራ ማሽን ለትምህርት ቤታችን መጣና፣ አባባ ጸሐፊ ስለሆኑ ኃላፊነቱ ለእሳቸው ተሰጠ። ከዚያ ወዲህ ሲያስነጥሱ እንኳ ማኅተም የሚመቱ ይመስላሉ። ማሽኑ ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱን ይረሳል። አባባም በማለዳ ገብተው በእጅ ሰዓታቸው ይሞሉለታል። የእሳቸውን ሰዓት ታውቀዋለህ፤ ቅዳሴ እንዳያመልጣቸው ብለው አሥራ ስምንት ደቂቃ ያስቀደሙት ነው። ይህንን እሳቸው ረስተውታል፤ ማሽኑማ ማን ነግሮት።

እናም ሌላው ሠራተኛ ቀደም ብሎ ሲገባ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የትምህርት ቤቱን ቤተ መጻሕፍት ልክ በሰዓቱ የከፈተችው እማዬ በአንድ ወር ውስጥ አሥራ አንድ ቀን አርፋጅ ሆነች። ማስጠንቀቂያውን ማን የጻፈ ይመስልሃል? አባባ ናቸው። ከነገ ወዲያ ዓርብ በስብሰባ ፊት ይነበባል። እማዬ የቸኮለው ያንተ ሰዓት ነው ብትላቸው፣ ሕግ ሚስት አያውቅም አሏት። እሷም ወጥ ባል አያውቅም ብላ ያለ ጨው አቀረበችላቸው።

እኔ አላስችል አለኝ። ፊደሉ ደቀቀብኝ ብለው የማሽኑን የይለፍ ቃል ያስነበቡኝ ራሳቸው ናቸው። ከኮምፒውተር ክፍሉ የኔትወርክ ገመድ ስቤ ሰካሁና ማሽኑ ሰዓቱን ራሱ ከኢንተርኔት እንዲወስድ አደረግሁ። የት አገር ነህ ለሚለውም ኢትዮጵያ አልኩ። በማግስቱ ማሽኑ የጠዋቱን ሁለት ሰዓት እንደ ፈረንጅ ስምንት ብሎ ቆጠረና መላው ትምህርት ቤት ስድስት ሰዓት አረፈደ፤ አባባ ጭምር። እሳቸው ሲያማትቡ እኔ በፈረንጅ አቆጣጠር ሰዓቱ ከኢትዮጵያ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚል አገር ፈለግሁና ብራዚልን አገኘሁ። ይኸው ማሽናችን እዚሁ ሮብ ገበያ ከተማ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ብራዚል ያለ ይመስለዋል፤ የሚቆጥረው ግን የሐበሻ ሰዓት ነው፤ ቀኑም እንደኛው ሲነጋ ይለወጥለታል።

አሁን አባባ በየጠዋቱ ወደ እጅ ሰዓታቸው ያስቀድሙታል፤ እሱም ጥቂት ቆይቶ ወደ ልኩ ይመለሳል። ትናንት፣ ይህ ዕቃ በሚስቴ ተገዝቷል ሲሉ ሰማኋቸው። እማዬ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አላረፈደችም። ያለፈው ግን ተመዝግቧልና ማስጠንቀቂያው የሚነሣው አባባ ሰዓቴ ተሳስቷል ካሉ ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ ይህን ከሚሉ ጮቄን በጀርባቸው ቢሸከሙት ይቀላቸዋል።

እማዬ ናፍቆቷ ብሶባታል፤ ፎቶህን ስትወለውል መስተዋቱ ሊያልቅ ነው። ታናሻችን ታዲዮስ አዞ አየህ ወይ ይልሃል። አባባ መጻፌን ባያውቁም ሰላም ብለውሃል ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። ወለላን እቀፍልኝ፣ ልጅቷን ጉንጯ እስኪቀላ ሳምልኝ።

ሮብ ገበያ
ግንቦት 5 ቀን 2007 ዓ.ም.

ወንድምዓለም፣ ወረቀቱን ሳላጥፍ አባባ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል። ከየት ጀምረው እንዳነበቡ አላውቅም። የእጅ ሰዓታቸውን ፈተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና፣ «ዜማ» አሉኝ። «ብዕር ከያዝሽ አይቀር ለርእሰ መምህሩም አንድ ማመልከቻ ጻፊ። የጸሐፊው ሰዓት አሥራ ስምንት ደቂቃ ይፈጥናል በይ።»