ሌሞሚ የሠራችው ሰሌዳ

ውድ አክስቴ ሌሞሚ፣

አሸነፍኩ! ሌላ ምን ብዬ ልጀምር? ስንት ዓመት ከባሕር ባሕር እየዞርኩ ሁለተኛና ሦስተኛ ስወጣ የኖርኩት ልጅ፣ ዛሬ እዚሁ ማካሃ ባሕር ዳር ላይ በማዕበል ግልቢያ የዓለም ሻምፒዮን ተባልኩ። አንቺ ደግሞ ሂሎ ሄደሽ አራስ ልጅሽን ትጠብቂያለሽ። ምነው ሁለት ሳምንት ዘግይታ በወለደች!

ጠዋት ባሕሩ አብዶ ነበር። አንቺ የሠራሽልኝን ከባድ የእንጨት መንሳፈፊያ ሰሌዳ ተሸክሜ ስወርድ፣ ያ ቀላል ሰሌዳውን እንዳስተዋውቅለት የቀጠረኝ ሰውዬ አየኝና ሳቀ።

«ኬሃው፣ የማንን ቤት በር ነቅለሽ መጣሽ?»

«የአክስቴን። አስፈቅጄ ነው።»

«በዚህ ከገባሽ ውላችን ፈረሰ።»

«ይፍረስ!» አልኩት። ሰሌዳሽን ይዤ ውሃው ውስጥ ገባሁ።

የማካሃን ተመላሽ ውሃ መቼም ታውቂዋለሽ፤ ዳር ደርሶ ይዞርና ፊት ለፊት ይገጥምሻል። ተፎካካሪዬን አውስትራሊያዊቷን ከነቀላል ሰሌዳዋ ወደ ላይ ወረወራት። እኔ በመጨረሻው ማዕበል መጣሁ፤ ያው ውሃ ተነሣብኝ። ሰሌዳሽ አፍንጫዋን ደፋ አድርጋ ሰንጥቃው አለፈች። አክስቴ፣ እንደቆምኩ ዳር ደረስኩ!

ዋንጫውን ሲሰጡኝ ለፋፊው «ሰሌዳውን ማን ሠራልሽ?» ብሎ ድምፅ ማጉያውን አፌ ላይ ደቀነው። «ባሌ ካሌኦ ነው በይ፤ የሴት እጅ መሆኑን ካወቁ ገዢ ይሸሻል» እንዳልሽኝ አልረሳሁም። ዕድሜሽን ሙሉ ሰሌዳ እየሠራሽ በእሱ ስም ሸጠሻል። ወንዶቹም ገና ስሙ ሳይጠራ ሰው መሀል የቆመውን አጎቴን «አበጀህ» እያሉ ትከሻውን ይመቱት ጀመር። አንገበገበኝ።

«አክስቴ ሌሞሚ ናት!» ብዬ ጮህኩ።

«ሴት? አትቀልጂ እንጂ!» አለ አንዱ።

ይኼኔ አጎቴ ካሌኦ ሰዉን እየገፋ ወጣና ድምፅ ማጉያውን ከለፋፊው እጅ ነጠቀ። እኔማ ሊያስተባብል መስሎኝ ነበር።

«ጎበዝ፣ እኔ መጋዝ ከያዝኩ የምቆርጠው ጣቴን ነው!» አለ። «ሌሞሚ ናት። ይኼን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ እናንተ የያዛችሁትንም እሷው ናት የሠራችው!»

ብታዪ! ወንዶቹ ሁሉ ብብታቸው ሥር ያለውን ሰሌዳ እያገላበጡ ያዩ ጀመር። ሴቶቹ ስምሽን እየጠሩ ባሕር ዳሩን አናወጡት።

መቆጣትሽ አይቀርም፤ ነይና ተቆጪኝ፣ እችለዋለሁ። ስምሽን ግን ከእንግዲህ መደበቅ አትችዪም፤ አገር ሰምቶታል።

ሻምፒዮንሽ፣
ኬሃው